ረጅም፣ አጭር ወይስ ባለ ክንፍ? የሞተር ንፋስ መከላከያዎች ንጽጽር

ረጅም የንፋስ መከላከያ መስታወት ያስገጠምኩ ቀን ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ደረቴን ሲገፋኝ የኖረው ንፋስ ድራሹ ጠፋ። በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ድረስ ሶፋ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ተመቸኝ። 90 ላይ ስደርስ ግን የሆነ ሰው ከኋላዬ ተቀምጦ ሄልሜቴን በጥፊ የሚያጣድፈው መሰለኝ። ራሴ ይንቀጠቀጣል፣ የመንገዱ ምልክት ይደበዝዝብኛል። ቤቴ ስገባ አንገቴ ደርቆ ነበር። ሻጩን ምን ይሻላል ብዬ ብጠይቀው «ከዚህም የሚረዝም አለ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩን በደንብ ማየት የጀመርኩት።

መስታወት በሌለው ሞተር ላይ የሚመጣው ንፋስ ኃይለኛ ቢሆንም ወጥ ነው። ይገፋል እንጂ አይደበድብም። ድብደባው የሚወለደው ከመስታወቱ ጫፍ ጀርባ ነው። ከመስታወቱ ኋላ የአየር ግፊቱ ዝቅ ይላል። ጫፉን ዘሎ ያለፈው አየር ወደዚያ ቦታ ሊገባ ሲል ይጠቀለላል። ጥቅሉ እየተላቀቀ ሄዶ ሄልሜት ላይ ሲያርፍ ጥፊ ይሆናል። በዚያ ላይ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ኃይል አራት እጥፍ ያድጋል። በ60 ልብ ያላላችሁት ነገር በ120 የሚያስመርረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከፊታችሁ ሦስት ቦታ አለ። ከላይ ንጹሕ የሚፈስ ንፋስ፣ ከታች ጸጥ ያለ አየር፣ በመካከላቸው ደግሞ የሚተረማመሰው ድንበር። ራሳችሁ ከላይ ወይም ከታች ሙሉ በሙሉ ከገባ ሰላም ነው። ድንበሩ ላይ ከተቀመጠ መስታወቱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አያድናችሁም።

የት እንዳላችሁ ለማወቅ ምንም አትከፍሉም። ንፋስ የሌለበት ቀን፣ ቀጥ ያለና ጭር ያለ መንገድ ምረጡ። በለመዳችሁት ፍጥነት እየነዳችሁ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ በሉ። ድብደባው ጠፍቶ ወጥ «ሽው» ብቻ ከቀረ የሚያስፈልጋችሁ አጭር መስታወት ነው። ቀጥሎ አምስት፣ አስር ሳንቲ ሜትር ያህል ጎንበስ በሉ። ያኔ ጸጥ ካለ ረዘም ያለ ይሻላችኋል። ሁለቱም ለውጥ ካላመጡ ንፋሱ ከሥር ወይም ከጎን እየመጣ ነው። የላዩን መስታወት በመቀየር አይፈታም።

አጭር ወይስ ረጅም

አጭሩ ከደረት በታች ያለውን ንፋስ ያነሳላችኋል። ሄልሜቱን ግን ንጹሕ ንፋስ ውስጥ ይተወዋል። ድብደባ የለም ማለት ይቻላል። በምትኩ ትከሻና ደረት ይደክማሉ፣ ብርድና ዝናብም አይመልስም። ከተማ ውስጥ ለሚውል፣ ከከተማ ቢወጣም ከ100 ለማያልፍ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። ብዙዎች ስለማያምር ወይም «ምን ይከላከላል» ብለው ይንቁታል። ተሳስተዋል ባይ ነኝ።

ረጅሙ ለብርድ፣ ለዝናብና ለሩቅ መንገድ ወደር የለውም። ግን የሚሠራው ራሳችሁ ከሥሩ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚወስነው ቁመት ነው። አንዱን መስታወት በአንዱ ሞተር ላይ 1.65 ሜትር የሆነ ሰው ሲያመሰግነው 1.85 የሆነው ይረግመዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የገዢዎችን አስተያየት ስታነቡ ቁመቱን ያልጻፈ ሰው ብዙም አይጠቅማችሁም። የመቀመጫ ከፍታም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ራስን ከድንበሩ ሊያወጣ ይችላል።

ስትለኩ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። የመስታወቱ ጫፍ አፍንጫችሁ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። አየሩ ጫፉን ሲዘል ወደ ላይ ስለሚነሳ ከሄልሜቱ በላይ ያልፋል፣ ዓይናችሁም ከመስታወቱ በላይ ያያል። በመስታወቱ ውስጥ እያያችሁ መንዳት ግን አይመከርም። ማታ ዝናብ ሲጥል የፊት ለፊት መኪና መብራት ጠብታው ላይ ተበትኖ ዓይን ያጠፋል። የመስታወት መጥረጊያ ደግሞ የላችሁም።

ረጅምና ሰፊ መስታወት ሌላም ዕዳ አለው። ከጎን የሚመጣ ንፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል። ከኋላ በሚፈጠረው ዝቅተኛ ግፊት ምክንያት ጀርባችሁን ወደ ፊት የሚገፋ ነገር ይሰማችኋል። ሙቀት ሲሆን ደግሞ አየር የለም፤ ትቀቀላላችሁ።

መሃሉ ጎበጥ ያለው «ደብል በብል» የሚባለው የተሠራው የነዳጅ ታንከሩ ላይ ተኝቶ ለሚነዳ ነው። ቀና ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ጥቅሙ ትንሽ ነው። ያምራል፣ እሱን አልክድም።

ከፍና ዝቅ የሚለው

ይህ አጭሩንና ረጅሙን በአንድ ላይ መግዛት ነው። ከተማ ውስጥ ዝቅ፣ አውራ ጎዳና ላይ ከፍ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው እየነዳችሁ በአንድ ቁልፍ ይታዘዛል። በእጅ የሚጠመዘዘው ይረክሳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቆሞ ማስተካከል ይጠይቃል። ዋጋው ከሁሉም ከበድ ይላል፣ ሁሉም ሞተር ላይም አይገጠምም። ሁለት ቁመታቸው የተለያየ ሰዎች አንድ ሞተር የሚጋሩ ከሆነ ግን ዋጋውን ያወጣል።

ሞተራችሁ ከፋብሪካው ይህን ይዞ ከመጣ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ከፍታ ሞክሩ። ስንቱ ሰው ነው ማስተካከያው መኖሩን ሳያውቅ መስታወት የቀየረው!

በትንሽ ወጪ

እኔን ያሳመነኝ ጫፉ ላይ የሚጣበቀው ትንሽ ክንፍ ነው። ጂቪና ፑዪግ የሚባሉት አምራቾች ለብቻው ይሸጡታል፤ ኤምአርኤ ደግሞ ቫሪዮ በሚለው መስታወቱ ላይ አብሮ ይሠራዋል። ምስጢሩ ክንፉና መስታወቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። በክፍተቱ የሚገባው አየር ከኋላ ያለውን ዝቅተኛ ግፊት ይሞላል፣ የሚጠቀለለው አየርም ይረጋጋል። ዘንበል ቀና እያደረጋችሁ ልካችሁን ታገኛላችሁ። ጉድለቱ ንዝረት ብሎኖቹን ማላላቱ ነው። በየጊዜው ፈትሹ፤ በ110 ላይ ተነቅሎ ፊት ላይ ቢመጣ አያስቅም።

ከሥር ክፍተት መተውም በዚሁ ሐሳብ ይሠራል። ሃርሊ-ዴቪድሰን በ2014 ሞዴል የጉዞ ሞተሮቹ ላይ ከመስታወቱ ሥር የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር መግቢያ አድርጓል። ራስ ላይ የሚደርሰውን ድብደባ በ20 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ነበር ያስተዋወቀው። እናንተም ረዘም ያሉ ብሎኖችና የጎማ ቀለበቶች ገዝታችሁ መስታወቱን ከሥሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ማውጣት ትችላላችሁ። ካቻቪቴና ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈልገው። ካልሠራ ትመልሱታላችሁ።

ንፋሱ ከሥር የሚመጣ ሆኖ ከተገኘ የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ላይ የሚታሰሩ ትንንሽ የንፋስ መመለሻዎች አሉ። በሹካውና በታንከሩ መካከል ሽቅብ የሚወጣውን አየር ይቆርጣሉ። ለዚያ ችግር ብቻ ግዙ።

መስታወቱ የተሠራበትን ነገርም ጠይቁ። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ድንጋይ ቢመታውም በቀላሉ አይሰበርም፤ መከላከያ ቅብ ከሌለው ግን ቶሎ ይጫጫራል። አክሪሊክ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ ጥራቱ ያምራል፣ ጭረትንም የተሻለ ይቋቋማል፣ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔትን አሞኒያ ባለው የመስኮት ማጽጃ አትንኩት፣ ይጎዳዋል። ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል።

ሄልሜታችሁ ከግንባሩ ላይ ጥላ ያለው ከሆነ ጥላውን ፈትታችሁ አንድ ቀን ንዱ። መስታወት ሳትገዙ ልትገላገሉ ትችላላችሁ። ጫጫታውን ግን የትኛውም መስታወት አያጠፋውም። በ100 ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ድምፅ ከ90 ዴሲቤል ያልፋል። ለጆሮ ደኅና የሚባለው 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። የጆሮ መድፈኛ ከሁሉም የረከሰ ዕቃ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ግዙ።

የእኔ ጉዳይ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። ከፍ ስል ድብደባው ጠፋ፣ ስለዚህ የፋብሪካውን አጭር መስታወት መለስኩ። ለብርዱ ብዬ ክንፍ ጨመርኩበት፤ ልኩን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ያ ረጅሙ መስታወት አልተሸጠም። ዝናብ ሲበዛ እገጥመውና ከ80 ሳላልፍ እነዳለሁ።