ለአኳሪየም ጀርባ፦ ፎም በሲሚንቶ ወይስ የሚነፋ ፎም በሲልከን?

የአኳሪየም ጀርባ (ከውስጥ በኋላው መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ድንጋይ መሳይ ማስጌጫ) ራሳችሁ ልትሰሩ ካሰባችሁ ወይ ቲቪ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ቆርጣችሁ ሲሚንቶ ትቀቡታላችሁ፣ ወይ ደሞ አሉሚኒየም ሰሪዎች የመስኮት ክፍተት የሚደፍኑበትን የሚነፋ ፎም ረጭታችሁ ሲደርቅ በቢላ ቀርጻችሁ ላዩን ሲልከን ቀብታችሁ አሸዋ ትነሰንሱበታላችሁ።

ሲሚንቶው ርካሽ ነው፣ ሲያዩት እውነት ድንጋይ ነው የሚመስለው፣ ግን ትዕግስት ይፈልጋል ምክንያቱም አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ስለሚለቅ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፣ 7 መሃል ነው) ሽቅብ ይወጣል። እኔ የመጀመሪያውን ስሰራ ቸኩዬ በአምስተኛው ቀን ውሃ ሞልቼ ብለካው ከ7 ተነስቶ 9 ገብቷል፣ ደግነቱ አሳ አላስገባሁም ነበር፣ ከዛ ውሃ እየቀያየርኩ ወር ገደማ ዘፈዘፍኩት። የማላዊ ሲክሊድ (ከፍ ያለ ፒኤች የሚወድ የማላዊ ሐይቅ አሳ) ለያዘ ሰው ትንሽ ከፍ ቢል ችግር የለውም፣ ዝቅ ያለ ፒኤች ለሚወደው ለትንሹ አሳ ለኒዮን ቴትራ ግን አይሆንም።

ሲልከኑ ፒኤች አይነካም፣ ቶሎም ይደርሳል። ግን ስትገዙ የማሸጊያውን ጀርባ አንብቡ፣ ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት አሳ ይጨርሳል። 100% ሲልከን የሚለውን፣ የሻጋታ መከላከያ የሌለበትን ነው መውሰድ። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሽታ ድራሹ እስኪጠፋ ውሃ እንዳታስነኩት።

ሁለቱም ውስጣቸው ፎም ስለሆነ ይንሳፈፋሉ፣ ውሃ ሳይገባ መስታወቱ ላይ በሲልከን ጥብቅ አድርጎ መለጠፍ ግድ ነው (አንድ ጓደኛዬ ሌሊት ጧ ብሎ ተነስቶበት ክዳኑን ገፍቶታል 😂)።

እኔ አሁን ሲልከኑን ነው የምሰራው፣ ፕሌኮ (በአፉ እየተጣበቀ የሚፍቅ አሳ) ያላችሁ ግን ፎም ስለሚቦረቡር ሲሚንቶውን ሶስት እጅ ቀቡት።