ቤትና መሬት ወይስ ጥሬ ገንዘብ? የሞአቲዜ ተፈናቃዮች

በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት፣ የብራዚሉ የማዕድን ኩባንያ ቫሌ የሞአቲዜን የድንጋይ ከሰል ለማውጣት ከ1,300 በላይ ቤተሰቦችን አስነስቷል።

ብዙዎቹ ካቴሜ በሚባል አዲስ መንደር ቤትና የእርሻ መሬት ተሰጣቸው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ጥሩ ነው። ካቴሜ ግን ከሞአቲዜ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ማገዶ ሸጦ ለሚያድር ሰው የትራንስፖርቱ ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። መሬቱ ደረቅ ነው። ቤቶቹም ብዙ ሳይቆዩ ተሰነጣጠቁ፣ ዝናብ ሲመጣ ያፈሱ ጀመር። በጃንዋሪ 2012 ነዋሪዎቹ መረራቸውና ከሰሉ የሚጓጓዝበትን የባቡር ሐዲድ ዘጉ።

በአካባቢው ጡብ እየሠሩ ይተዳደሩ ለነበሩት ደግሞ የአንድ ጊዜ 60,000 ሜቲካል (የሞዛምቢክ ገንዘብ) ተከፈላቸው። ጥሬ ገንዘብ የፈለጉበት ለመሄድ ይመቻል። ግን ያልቃል፤ የጡብ ሥራ ደግሞ በየዓመቱ ያበላ ነበር።

እኔ መሬቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ውሃና ገበያ ካለው፣ ተነሺውም ቀድሞ አይቶት ከተስማማ ብቻ።