የፈረንሳይኛ ንባብ ለሚያስቸግራችሁ አንዲት መምህርት እንጠቁማችሁ

ፈረንሳይኛ የምናስተምር ባልደረቦች ነን። ሰዋስዉን አውቀው ንባብ ላይ የሚንተባተቡ ተማሪዎቻችንን ፒያሳ አካባቢ ወደሚያስጠኑ አንዲት መምህርት እንልካለን፤ እግዜር ይስጥልን። ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ ሥራቸውን እንናገር።

መጀመሪያ እርሳስ ያስይዛሉ። ቃሉ ከመነበቡ በፊት በየቀለሙ፣ ማለትም አንድ አናባቢ ድምፅ ወዳላቸው የቃሉ ክፍሎች፣ ይከፈላል። በሁለት አናባቢዎች መሃል ያለ ነጠላ ተነባቢ ወደ ቀጣዩ ቀለም ይሄዳል፦ ሾ-ኮ-ላ። ሁለት ተነባቢዎች ይለያያሉ፦ ፓር-ቲር። ሁለተኛው «ኤል» ወይም «ኤር» ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ አብረው ይቀራሉ፦ ታ-ብሎ።

ይሄን ማንም መጽሐፍ ያስተምራል። የእሳቸው ልዩነት የአማርኛ ተናጋሪ የት እንደሚሰናከል ማወቃቸው ነው። «ባሎን» (ኳስ) ሲጻፍ ሁለት «ኤል» ስላለው የእኛ ሰው ያጠብቀዋል፤ እኛ ዘንድ «ገና» ጠብቆና ላልቶ ትርጉሙ ስለሚለያይ ጆሯችን ለዚያ የሰላ ነው። በፈረንሳይኛ ግን ላልቶ ነው የሚነገረው፦ ባ-ሎን። «ትርዋ» (ሦስት) ደግሞ አንድ ቀለም ሆኖ ሳለ፣ በ«ት» እና በ«ር» መሃል ሳድስ እየሰነቀርን ሁለት እናደርገዋለን። እሳቸው ከኋላ ይጀምራሉ፦ መጀመሪያ «ርዋ» ብቻ፣ ደጋግሞ፤ ከዚያ «ት»ን መለጠፍ። ረጅም ቃልም እንዲሁ ነው፦ ማን፣ ካማን፣ ዲካማን፣ ሜዲካማን።

በጣም የምናደንቃቸው ግን በአፍንጫ አናባቢዎች ላይ ነው። «ኢፍትሐዊ» እና «የማይጠቅም» የሚሉት የፈረንሳይኛ ቃላት ሁለቱም ሲጻፉ በ«ኢ» እና በ«ኤን» ፊደሎች ይጀምራሉ። በመጀመሪያው «ኤን» ቀለሙን ስለምትዘጋ ራሷ አትሰማም፣ አናባቢው በአፍንጫ ይወጣል። በሁለተኛው ወደ ቀጣዩ ቀለም ስለምትሻገር ጥርት ብላ ትነገራለች፦ ኢ-ኑ-ቲል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የአፍንጫውን አናባቢ ስትጨርሱ የምላሳችሁ ጫፍ የላይ ጥርሳችሁን ሥር ከነካ «ን» ብላችኋል፣ ይደገማል።

ቃላት ሲገናኙም አይለቁም። «ጓደኞቹ» ሌ-ዛ-ሚ ነው፤ «ጀግኖቹ» ግን ሌ-ኤ-ሮ። እዚህ ላይ «ዝ» ያስገባ ሰው ጀግኖቹን «ዜሮዎቹ» ብሎ ይሰድባል።

አንድ አንቀጽ ላይ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ስለሚችል ቶሎ ማውራት ለሚፈልግ አይሆኑም። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስትሄዱ የምታነቡትን ጽሑፍ መስመሩን አራርቃችሁ አትሙት፤ ለእርሳሱ ቦታ ያስፈልጋል።