ለተቆጣጣሪ መሃንዲሳችን ምስጋና፣ ደሴና ኮምቦልቻ ለምትገነቡ ጥቆማ

ጦሳ ሥር ያለውን የማህበራችንን ጂ+2 ህንፃ ሲቆጣጠርልን የቆየው መሃንዲስ ባለፈው ሳምንት ጊዜያዊ ርክክቡን ፈርሞልናል። አላህ ይስጠው፣ እግዜር ይስጠው። እንዲህ ያለ ባለሙያ በዝምታ አይታለፍም፣ ለምትገነቡ ሁሉ ልጠቁመው።

ከሱ በፊት የነበረውን ስም አልጠራም፤ በደሉ ግን ይነገር። በወር አንዴ ብቅ ይልና ሥራው ሳይለካ የክፍያ ሰርተፊኬቱ ላይ ማህተሙን ያሳርፋል። በመጣበት ቀን ደግሞ ተቋራጩን አልፎ ግንበኛውን "ይህን አፍርስ፣ ያንን ቀጥል" ይላል። ከኮሚቴም የመጣ ሁሉ ያዛል። ግንበኛው በአንድ ቀን ከሦስት ሰው ትዕዛዝ ይቀበል ነበር። ክረምት ሲገባ የአፈር መደገፊያው ግንብ ሆዱን ነፋ። ከኋላው ጠጠር አልተሞላም፣ የውሃ መውጫ ቱቦም አልተቀበረለትም፤ በደሴ ቁልቁለት ላይ መውጫ ያጣ ውሃ ግንብ ይገፋል። ተቋራጩ "ተቆጣጣሪው ያዘዘኝን ነው የሠራሁት" አለ፣ ተቆጣጣሪው "እኔ አማካሪ እንጂ ሠሪ አይደለሁም" አለ። የተጻፈ ነገር ስላልነበረ የማፍረሻውም የመልሶ መገንቢያውም ዕዳ ማህበሩ ላይ ወደቀ።

አዲሱ መሃንዲስ ሳይት ከመርገጡ በፊት የጠየቀው የተቋራጩን ውል፣ ድሮዊንጉንና የራሱን ውል ነው። ካነበበ በኋላ ኮሚቴውን ሰብስቦ "የእናንተ ትዕዛዝ በኔ በኩል ይሂድ፤ እኔም የማናግረው የተቋራጩን ሳይት መሃንዲስ ነው፣ ግንበኛውንና ፌሮ ሠራተኛውን አላዝም" አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአሠራሩ ኃላፊነት የተቋራጩ ነው። ተቆጣጣሪ "እንዲህ አድርገህ ሥራ" ካለ፣ ሥራው ሲበላሽ ተቋራጩ የሚከራከርበት በር ተከፈተለት ማለት ነው። የተቆጣጣሪ ድርሻ ከድሮዊንግ ጋር ማመሳከር፣ ያልተስተካከለውን አልቀበልም ማለት፣ ማስቆም፣ አብሮ መለካትና ለክፍያ ማረጋገጥ ነው። ዋጋና ጊዜ መለወጥ በኛ ውል ያለ አሰሪው ፊርማ አይቻልም። ሊቀመንበራችን በረንዳው 60 ሳንቲ ይውጣ ሲሉ "እሺ"ም "እምቢ"ም አላለም፤ ጥያቄውን በደብዳቤ ለስትራክቸር ዲዛይነሩ ላከው። ድሮዊንጉ ተስተካክሎ መጣ፣ የቫሪየሽኑ (የሥራ ለውጡ) ዋጋ ተፈረመ፣ ከዚያ ተሠራ። የስሌቱን ነገር ለነሱ ልተወው።

የኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ሙሌት ቀን ያደረገውን ግን ሳልናገር አላልፍም። ሚክሰሩ ተነስቷል፣ ሠራተኛው ባሬላውን ይዞ ቆሟል። ሜትሩን አውጥቶ የስታፋውን፣ ማለትም ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀለበት፣ ርቀት ለካ። በድሮዊንጉ የኮለኑ ራስና እግር ላይ በየ10 ሳንቲ፣ መሃሉ ላይ በየ20 ነው፤ የታሰረው ከላይ እስከ ታች በየ20 ነበር። የስታፋው ጫፍም በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ መታጠፍ ሲገባው በ90 ብቻ ታጥፏል። መሬት ሲንቀጠቀጥ የውጭው ኮንክሪት ይረግፋል፣ በ90 የታጠፈው ይከፈታል፣ ቋሚው ፌሮ ይጎብጣል። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴንና ካራቆሬን የጎዳው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው እዚሁ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው፤ ይህ ለኛ አገር ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም።

ሙሌቱን አስቆመ። ሳይት ቡኩ (የሥራው መዝገብ) ላይ የትኞቹ ኮለኖች እንደሆኑ፣ የተገኘውን ርቀት፣ የሚፈለገውንና ሰዓቱን ጽፎ ሳይት መሃንዲሱን አስፈረመ፤ አንድ ቅጂ ለአሰሪው፣ አንድ ለተቋራጩ፣ አንዱ እዚያው ቀረ። ሊቀመንበሩ "ሠራተኛው ቆሟል፣ የዛሬን እለፍልን" ቢሉት "ጋሼ፣ ብሩ የእናንተ ነው፣ ፊርማው ግን የኔ ነው። ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም" አላቸው። ፌሮ ሠራተኛው፣ ገና ልጅ ነው፣ ላብ አጥምቆት ነበር። መሃንዲሱ ሰው ሁሉ እየሰማ "ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ድሮዊንጉን ያሳየው የለም" ብሎ አንድ ቅጂ እንዲሰጠው ሳይት መሃንዲሱን ጠየቀ። በማግስቱ እንደገና ለክቶ ፈቀደ። ከሙሌቱ ባለ 15 ሳንቲ 6 ኪዩብ (የኮንክሪት ናሙና) ተወሰደ፣ ጥንካሬው እንዲታወቅ 3ቱ በ7 ቀን፣ 3ቱ በ28 ቀን ተሰበሩ። የ7 ቀኑ ውጤት ሳይመጣ የሶሌታውን (የወለሉን ኮንክሪት) ሙሌት አልፈቀደም።

ሌላው ውለታው ርክክቡ ላይ ነው። ተቋራጩ "ዋስትናዬ አንድ ዓመት ነው" ሲል የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 3039 ገልጦ አስነበበን። በውሉ ያለው 365 ቀን ጉድለት የሚታረምበት ጊዜ ነው፤ የህንፃው ጥንካሬ ዋስትና ግን ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ነው። በውል ማሳጠር አይቻልም። "አፈሩ ነው ያበላሸው" ማለትም አያድንም፣ ሕጉ የመሬቱን ጠባይ አብሮ ጠቅሶታል። ስለዚህ የርክክቡ ቃለ ጉባኤ ቀኑን፣ የቀሩትን ጉድለቶችና የሁሉንም ፊርማ ይዟል። ቅጂውን የማህበሩ ካዝና ውስጥ አስቀምጠነዋል።

ደሴም ኮምቦልቻም የምትገነቡ፣ ይህን ሰው ያዙት። ደግሜ እላለሁ፣ ያዙት። ቁፋሮ ከተጀመረ በኋላ ሳይሆን ከተቋራጩ ጋር ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጥሩት፤ ውሉን ራሱ አንብቦ የጎደለውን ይነግራችኋል። ብዙ ሳይት በአንድ ጊዜ አይዝም፣ ስለዚህ ቀደም በሉ። ስልኩን እሱን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ የቦታውን ካርታና ድሮዊንጉን አዘጋጅታችሁ ጠብቁት።