ኢማክስ በጽሕፈት ቤቴ፦ አንድ ፋይል ለሦስት ኮምፒውተር

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ባለችው ጽሕፈት ቤቴ የምሠራው በሦስት ኮምፒውተር ነው። አንዱ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ዴስክቶፕ ነው፤ ደንበኛ ሲገባ የሚያየው እሱን ነው። ሁለተኛው ኡቡንቱ 22.04 (የሊነክስ ዓይነት ሲስተም) ያለበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ሦስተኛው እህቴ ከውጭ የላከችልኝ ማክቡክ ነው፤ ማታ ማታ ቤት ይዤው እገባለሁ። እንጀራዬ መተየብ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ማመልከቻ፣ የዕድር ስም ዝርዝር፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመጣውን ሁሉ እተይባለሁ። ለዓመታት ያስቸገረኝ ነገር አንዱ ኮምፒውተር ላይ የለመደ እጄ ሌላው ላይ አለመሥራቱ ነበር። የአማርኛ መተየቢያው ይለያያል። ፎንቱ ይለያያል። «ሽ» እዚህ በአንድ ቁልፍ ይመጣል፣ እዚያ በሌላ።

ይህንን ችግር የፈታልኝ ኢማክስ የሚባል ቴክስት ኤዲተር፣ ማለት ጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ሶፍትዌር የሚማር የወንድሜ ልጅ «እትዬ፣ ይሄን ሞክሪው» ብሎ ጫነልኝ። ዕድሜው ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ኢማክስ አሜሪካ ኤም አይ ቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1976 እ.ኤ.አ. ተሠራ። ዛሬ የምንጠቀምበትን ጂኤንዩ ኢማክስ ደግሞ ሪቻርድ ስቶልማን በ1984 ጀመረው። ነፃ ነው፤ ክራክ አይፈለግለትም፣ ጊዜው አያልፍበትም።

ልዩ የሚያደርገው ማስተካከያው እዚህም እዚያም ተበታትኖ አለመቀመጡ ነው። የምትፈልጉት ሁሉ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይጻፋል። ኢኒት ይሉታል። የሚጻፈው ኢማክስ ሊስፕ በሚባል ቋንቋ ነው። ኢማክስ ሲከፈት መጀመሪያ ያንን ፋይል ያነብና እንደተባለው ይሆናል። ፋይሌን የወሰድኩበት ኮምፒውተር ሁሉ የእኔ ይሆናል ማለት ነው።

ከአማርኛው ልጀምር። መጻፊያው ከኢማክሱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ለብቻው የሚገዛ ወይም የሚጫን ነገር የለም። ኮንትሮልንና ባክስላሽን አንድ ላይ ሲመቱ ይበራል፣ ሲደግሙት ይጠፋል። ኢማክሱን ከከፈታችሁ በኋላ መጀመሪያ ጊዜ ብቻ የትኛውን መተየቢያ እንደምትፈልጉ ይጠይቃል፤ «ኢትዮፒክ» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። አጻጻፉ ሴራ የሚባለው፣ የእኛን ፊደል በእንግሊዝኛ ፊደል የሚተይቡበት ነው። ተነባቢውን ብቻውን ስትመቱት ሳድሱን ይሰጣል፣ አናባቢ ሲከተለው ፊደሉ ይለወጣል። ዲ፣ ኢ፣ ቢ፣ አር፣ ኢ ብዬ ስመታ «ደብረ» ይወጣል። ኤክስ «ሽ» ነው። ሁለት ነጥብን ሁለቴ ስመታ አራት ነጥብ ይሆናል። ሦስቱም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ነው።

በኮምፒውተሩ የአማርኛ ኪቦርድ ስጽፍ አማርኛው እንደበራ ትእዛዝ መስጠት ይቸግረኝ ነበር። ሴቭ ለማድረግ ወደ እንግሊዝኛ እመለሳለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ አማርኛ። አንድ መቶ ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የሚያውቀው የተየበ ነው። እዚህ ግን ፊደሉን የሚለውጠው ራሱ ኢማክስ ስለሆነ የትእዛዝ ቁልፎቹን አይነካቸውም። አማርኛው በርቶ ሴቭ አደርጋለሁ፣ ቃል እፈልጋለሁ፣ ገጽ እቀይራለሁ። ሌላ ምንም ባይኖረው እንኳ ለዚህ ብቻ ብዬ አስቀምጠው ነበር።

አዲስ ማሽን ላይ እንደጫንኩት መጀመሪያ የማደርገው ነገር አለ። ኮንትሮልና ኤች እመታለሁ፣ ከዚያ ኤችን ብቻዋን። በብዙ ቋንቋ ሰላምታ የተጻፈበት ገጽ ይከፈታል። አማርኛችንም አለ፤ «ሠላም» ይላል። አንድ ቄስ ደንበኛዬ አይተውት «ሰላም እኮ በእሳቱ ሰ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ያን ገጽ ለመፈተሻ ነው የምከፍተው። ፊደሉ ከታየኝ ፎንቱ አለ። ባዶ ሳጥን ከታየኝ ፎንት የለም፣ እሱን ሳልጭን ወደ ሌላ አልሄድም።

አጫጫኑ በየሲስተሙ ይለያያል። ዊንዶውስ ላይ ዚፑን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ መክፈት ይበቃል። የአድሚን ፓስወርድ አይጠይቅም። ከፍላሽ ላይም ይነሣል። እዚህ ላይ ግን ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ነገር ስላለ እናንተ አትድከሙበት። ኢኒት ፋይሌን በስሜ በተከፈተው ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩት። ኢማክሱ ጭራሽ አላየውም። ብዘጋ ብከፍት ያው ባዶ ነው። ኋላ ላይ እንደገባኝ ዊንዶውስ ላይ «ሆም» (ኢማክስ ኢኒቱን የሚፈልግበት ቤቱ) የት እንደሆነ ካልነገራችሁት አፕዳታ ውስጥ ያለውን ሮሚንግ የሚባል ፎልደር ነው ቤቴ የሚለው። አፕዳታ ደግሞ የተደበቀ ፎልደር ነው። ወይ ፋይሉን እዚያ አስቀምጡለት፣ ወይ ሆም የሚባል ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች የሚይዘው ማስተካከያ) ክፈቱለት። ከተጠራጠራችሁ ኮንትሮል ኤክስ፣ ኮንትሮል ኤፍ ብላችሁ ቲልዳና ስላሽ (~/) ጻፉ። የራሱን ቤት ይዟችሁ ይሄዳል።

ኡቡንቱ ላይ በአፕት (ፕሮግራም በሚጭነው ትእዛዝ) አንድ መስመር ነው። ችግሩ ከእትሙ ነው። ኡቡንቱ 22.04 የሚሰጠው ኢማክስ 27.1 ነው፤ ዊንዶውሱ ላይ የጫንኩት 29 ነበር። ፓኬጆቼን፣ ማለት ኢማክሱ ላይ የምጨምራቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ የማዘጋጀው ዩዝ-ፓኬጅ በሚባለው ነው። እሱ ከኢማክሱ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው ከ29 ወዲህ ነው። ስለዚህ ዊንዶውሱ ላይ ያለ እንከን የሚሠራው ፋይሌ ላፕቶፑ ላይ ገና ከላይ በስህተት ቆመ። መፍትሔው ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ሁለት መስመር መጨመር ነው፤ ዩዝ-ፓኬጅ ካለ እለፍ፣ ከሌለ አምጣና ጫን። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ያላችሁ 29.3 ስለምታገኙ ይህ አያጋጥማችሁም።

ማክ ላይ በሆምብሩ (በተርሚናል ፕሮግራም መጫኛ) ወይም እንደማንኛውም አፕ ይጫናል። ኢማክስ ለትእዛዝ የሚጠቀምበት ሜታ የሚሉት ቁልፍ ኦፕሽን ላይ ነው የሚገኘው፤ እኔ ወደ ኮማንድ አዛውሬዋለሁ፣ እጄ እዚያ ነው የሚሄደው። ሌላው፣ አፕ ሆኖ ሲከፈት በተርሚናል የምታገኟቸውን ፕሮግራሞች አያገኛቸውም፤ መንገዳቸውን ከተርሚናሉ የሚወስድለት ትንሽ ፓኬጅ አለ። እሱን ጫኑና እለፉት።

አሁን ስለ ፋይሉ አጻጻፍ። መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፤ ሲስተሙ ዊንዶውስ ከሆነ ኒያላ ፎንት፣ ማክ ከሆነ ከፋ፣ ሊነክስ ከሆነ አቢሲኒካ። ኢማክስ ያለበትን ሲስተም የሚነግር ቃል ስላለው ይህ ቀላል ነው። ግን አልበረከተልኝም። አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ የማውቃት ልጅ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ዊንዶውስ ነው፣ ኒያላ ግን የለም። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ ለብቻ የሚወርድ ፎንት ነው። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሰው ቤት ሄዳችሁ እንጀራ ልትጋግሩ ብትሉ የምትጠይቁት «ምጣድ አለ ወይ?» ብላችሁ ነው። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ማወቁ እንጀራ አይጋግርም። ፋይሌም አሁን እንዲሁ ይጠይቃል። የማሽኑን ስም ትቶ ፎንቶቹን በተራ ይፈልጋል፤ አቢሲኒካ፣ ኖቶ ኢትዮፒክ፣ ኒያላ፣ ከፋ፣ ኤብሪማ። መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። ለፕሮግራሞችም እንዲሁ ነው። መኖሩን ይጠይቃል፣ ካለ ይጠቀማል፣ ከሌለ ዝም ብሎ ያልፋል። ይህንን ከቀየርኩ ወዲህ ፋይሌ የትም ቆሞብኝ አያውቅም። ስክሪፕት ለሚጽፍ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ኔት ሲደክም ፓኬጅ ማውረድ መከራ ነው። ስለዚህ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ያወረድኩትን ኤልፓ የሚባለውን ፎልደር እንዳለ በፍላሽ ወደ ሌላው እገለብጣለሁ። ፓኬጆቹ በአብዛኛው ሊስፕ ስለሆኑ ከዊንዶውስ ወደ ማክ፣ ከማክ ወደ ሊነክስ ይሻገራሉ። የማይሻገረው ኢኤልኤን የሚባለው ነው፤ እሱ ለዚያው ማሽን ብቻ የተቀመረ (ወደ ማሽኑ ቋንቋ የተለወጠ) ስለሆነ እዚያው ተዉት። ደግሞም በአዲሱ እትም የተቀመረውን ወደ አሮጌው አትውሰዱ። እኔ ሁልጊዜ ከላፕቶፑ ከ27.1 ነው የምነሣው።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። ደንበኞቼ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ፣ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ ይጽፋሉ፤ አንድ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ ይቀላቀላል። አንዱን ስፈልግ ሌላው ያመልጠኛል። ኢማክስ ከ27 ወዲህ ፍለጋ ላይ የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እኩል እንደሚቆጠር ራሳችሁ እንድትነግሩት ይፈቅዳል። እኔ ሀን ከሐ እና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ አገናኘሁ፤ ከነዘሮቻቸው፣ ሰባቱንም ቤት። መጻፉ አንድ ምሽት ፈጀ። ቅንፉ ይበዛል፤ ግን የትኛው ቅንፍ ከየትኛው እንደሚገጥም ኢማክሱ እያበራ ያሳያችኋል። አሁን አንዴ እፈልጋለሁ፣ ሁሉም ይመጣል። ፊደላችንን እኛ እንደምናውቀው እንዲያውቀው ማድረግ መቻሌ ደስታዬ ነው። ይህንን ማንም ኩባንያ እስኪሠራልኝ አልጠበቅሁም።

የዕድር ስም ዝርዝርንም መስመሮቹን መርጬ ደርድር ስለው በሀ ሁ ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ የፊደሎቻችን ቁጥር በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደልን በሚያውቁበት የቁጥር ዝርዝር) የተሰጠው በዚያው ተራ ነውና። በሐ እና በሀ የሚጀምሩትን ግን ይለያያቸዋል፣ እሱን በእጄ አስተካክላለሁ።

መብራትስ? ኢማክስ ሳትጠይቁት በየ300 ቁልፍ ምት፣ ወይም እጃችሁ ለ30 ሰከንድ ያህል ሲያርፍ የጽሑፉን ቅጂ ጎን ላይ ያስቀምጣል። መብራት ሲመለስ ሪከቨር ፋይል የሚለውን ትእዛዝ እሰጣለሁ። ባለፈው ክረምት የአንዲት ተመራቂ ምዕራፍ አራት ሴቭ ሳይደረግ መብራት ሄደ። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ሲመለስ የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

የማልወደውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ለእኔ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። ከት ኪል ይባላል፣ ፔስት ያንክ ይባላል፣ የለመዳችሁት ኮንትሮል ሲ ሌላ ሥራ አለው። ሲዩኤ የሚባለውን ሞድ (የአሠራር ዓይነት) ካበራችሁ የለመዳችሁት ይመለሳል፤ ለጀማሪ እሱን እመክራለሁ። ኮንትሮል በጣም ይበዛል። እዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ጣት እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ትንሿ ጣቴ ትታመም ነበር። ካፕስ ሎክን ኮንትሮል አድርጌ ተገላገልኩ። ይህ ግን በኢማክስ ፋይል የሚሠራ አይደለም፤ በየሲስተሙ ለብቻ መስተካከል አለበት፣ ያም ያናድዳል።

አማርኛና እንግሊዝኛ አንድ መስመር ላይ ሲገናኙ የአማርኛው ፎንት ስለሚረዝም መስመሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ፎንቱን በተወሰነ መጠን የሚያሳንስ ማስተካከያ አለ፤ እኔ ወደ 0.9 አውርጄዋለሁ። ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ የፊደሎቻችን ስፋት ከእንግሊዝኛው ስለሚለይ አምዶቹ ይጣመማሉ። ይህን የሚፈታ ፓኬጅ ቢኖርም ሠንጠረዥ የበዛበት ሥራ ሲመጣ እኔ ወደ ሊብሬ ኦፊስ እሄዳለሁ። ኢማክስ የጽሑፍ መጻፊያ እንጂ የገጽ ማስዋቢያ አይደለም። ኦርግ በሚባለው ሞድ ጽፌ ወደ ኦዲቲ (ሊብሬ ኦፊስ ወደሚከፍተው ፋይል) እልከዋለሁ፣ ሽፋኑንና ገጹን እዚያ አሳምራለሁ። ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ ዚፕ የሚባለውን ፕሮግራም ካልጫናችሁ ይህ መላክ እምቢ ይላል።

በሳምንት አንድ ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው አልመክረውም፤ ድካሙ አይመለስለትም። ቀኑን ሙሉ ከፊደል ጋር ለሚውል፣ በተለይ ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ለሚነካ ሰው ግን ከልቤ እመክራለሁ። ሦስት ሳምንት ስጡት።

ባለፈው ሳምንት መንዝ መሐል ሜዳ ላለች የሙያ ጓደኛዬ ፍላሽ በሚኒባስ ላክሁላት። ዚፑ፣ ኤልፓው፣ አቢሲኒካ ፎንቱና ኢኒት ፋይሌ አሉበት። የሮሚንግን ነገር በወረቀት ጽፌ አያይዤላታለሁ። በማግሥቱ ማታ ደወለች። «ሠላም የሚለው ታየኝ» አለች። «ሳጥን ነው ፊደል?» አልኳት። «ፊደል ነው፤ ግን በንጉሡ ሠ ነው የጻፉት።»