ድንበር ለሚገፋ የቢሮ ጎረቤት፦ ሦስት ዓይነት የጠረጴዛ መከፋፈያ ሲመዘን

ከዝርክርክ ባልደረባ ጋር ቢሮ ለሚጋራ ሰው ዋናው ጣጣ የባልደረባው ጠረጴዛ መዝረክረኩ አይደለም። ወረቀቱ፣ ቻርጀሩና ያልታጠበው ስኒ ቀስ በቀስ ወደ እሱ በኩል መሻገራቸው ነው። በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን የሚታሰሩ መከፋፈያዎች የሚገዙትም ለዚሁ ነው። በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ከፖሊስተር ፌልት (ተጠቅጥቆ ከደነደነ ጨርቅ መሰል ነገር) የተሠራው፣ አክሪሊኩ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) እና በአሉሚኒየም ፍሬም ላይ ጨርቅ የተወጠረበት። ጎን ለጎን ለሚገጥሙ ጠረጴዛዎች ፌልቱ ይሻላል። ይሁን እንጂ ከካርቶኑ እንደወጣ ከታሰረ እሱም ቢሆን የግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚሠራው።

አክሪሊኩ ሲታይ ያምራል፤ ስኒ ቢደፋበትም በጨርቅ ይጠረጋል። ግልጽ የሆነው ግን ዝርክርኩን እንደ መስኮት ስለሚያሳይ ለዚህ ጉዳይ ትርጉም የለውም፤ የሚገዛ ከሆነ ወተት መሰሉ ይሁን። ውፍረቱ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል፣ 3 ሚሊ ሜትሩ ክምር ሲደገፍበት ይለመጣል። ብዙዎች የሚያበላሹት በማጽዳት ነው፦ አልኮልና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አክሪሊክ ላይ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች ያወጣል፣ በተለይ ብሎን በሚጨብጠው አካባቢ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

በጨርቅ የተወጠረው ጠንካራ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ እድፍ ከያዘም ጨርቁን ማውለቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ፌልቱ ቀላል ነው፣ ስፒል ይቀበላል፣ የኪቦርድ ኳኳታም ትንሽ ያለዝባል። የስልክ ወሬ ይቀንሳል ብሎ የሚሸጥ ካለ አትመኑት፤ ድምፁ በላዩ አልፎ ይመጣል። 9 እና 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለ 12ቱን ውሰዱ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መከፋፈያው በቆመ ማግስት ባልደረባው ፋይሎቹን ያስደግፍበታል። ወደ ጎን ይፈስ የነበረው ክምር አሁን ወደ ላይ ያድጋል፣ ክብደቱም ወደ እናንተ በኩል ይገፋል። ስለዚህ ከካርቶኑ ጋር የሚመጡት ሁለት ማሰሪያዎች አይበቁም፣ መሐል ላይ ሦስተኛ ጨምሩ።

ልኩን በተመለከተ፣ የተለመደ ጠረጴዛ ከወለል 72 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ይነሳል። ከዚያ በላይ 40 ሳንቲ ሜትር የሚቆም መከፋፈያ ለተቀመጠ ሰው ክምሩን ይሸፍናል፣ የመስኮቱን ብርሃን ግን እምብዛም አይከለክልም። 60 ሳንቲ ሜትሩ የበለጠ ይሸፍናል፤ ነገር ግን በተነካ ቁጥር ይወዛወዛል፣ ማሰሪያውንም ያላላል። ርዝመቱ ከጠረጴዛው ጥልቀት በ5 ሳንቲ ሜትር ቢያጥር ጥሩ ነው። የቀረው ክፍተት በፊት በኩል፣ ክርን በሚያርፍበት ይሁን። የኋላው ጫፍ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል መግጠም አለበት፤ ዕቃ የሚሻገረው በአብዛኛው ከኋላ፣ ከሞኒተሩ አጠገብ ነውና። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው የጋራ ከሆነ ገመዱ እንዲያልፍ በፌልቱ የኋላ ታችኛ ጥግ 3 በ3 ሳንቲ ሜትር በካተር ቁረጡለት።

ከመግዛት በፊት ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የቺፑድ ጠረጴዛ ውፍረት ብዙውን ጊዜ 18 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አብዛኛው ማሰሪያ ይገጥመዋል። ጠርዙ ሥር የብረት አግዳሚ ካለ ግን አፉ አይበቃም። ከጠርዙ ወደ ውስጥ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታም ያስፈልጋል። ውስጡ ክፍት ሆኖ በካርቶን የተሞላ ቀላል ጠረጴዛ ሲጠብቅበት ይሰረጉዳል፤ ከላይና ከታች 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቀጭን ጣውላ ይደረግበት። የመስታወት ጠረጴዛ ላይ በፍጹም አትሰሩት።

ሁለቱ ጠረጴዛዎች ተጣብቀው ከሆነ ማሰሪያው እንዲገባ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይራቁ። በእጅ እስኪይዝ አጥብቁ፣ ከዚያ በብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን የብሎን መፍቻ) ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ፤ ከዚያ ካለፈ የፕላስቲኩ መንጋጋ ይሰነጠቃል። ከሳምንት በኋላ የማሰሪያው ጎማ ስለሚሟሽሽ ደግማችሁ አጥብቁ።

ትልቁ ጉድለት ከታች ነው። ከመከፋፈያውና ከጠረጴዛው ገጽ መካከል ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል፣ ወረቀት፣ ፍርፋሪና የተደፋ ቡና የሚያልፈው በዚያ ነው። ለበር የሚለጠፈው ባለማጣበቂያ ጎማ ይዘጋዋል። ከክፍተቱ ትንሽ ወፈር ያለውን ምረጡ፣ የሚለጠፍበትን ቦታ ጠርጋችሁ አድርቁ፣ ከዚያ ተጭኖ እንዲቀመጥ መከፋፈያውን ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ፌልት ለመያዝ ስለሚያስቸግረው በታችኛው ጠርዙ ሳይሆን በጠረጴዛው ገጽ ላይ ለጥፉት። ይህ ጎማ ከመከፋፈያው ጋር አብሮ አለመሸጡ የአምራቾች ስንፍና ነው።

በሁለቱም ፊት ኪስና ማንጠልጠያ ያለውን ሞዴል ተዉት። በባልደረባው በኩል ያለው ኪስ በደረሰኝና በአሮጌ ኬብል ይሞላል፣ ፌልቱም ወደዚያው ያዘምማል። የምግብ ሽታ፣ የጋራ መደርደሪያና የቆሻሻ ቅርጫት መከፋፈያ የሚፈታቸው ጉዳዮች አይደሉም፣ እነሱ ንግግር ይፈልጋሉ። መከፋፈያውም ቢሆን ለባልደረባው ሳይነገር ባይቆም ይመረጣል፤ ጠዋት መጥቶ ግድግዳ ያገኘ ሰው ማኩረፉ አይቀርም።

ከጠረጴዛዎቹ አንዱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ማሰሪያው ሁሉ ከፍታው በማይቀየረው ላይ ይሁን፣ በሚንቀሳቀሰው በኩል ደግሞ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ይተው። አለዚያ ሲነሳ ማሰሪያውን ከሥር ይመታና ይሰብረዋል።