ኦካዳይክ አሲድ ወይስ ማይክሮሲስቲን? ከማዘዛችሁ በፊት

ጎንደር ላይ ፎስፋቴዝ ለማጥናት የተነሱ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የትኛውን መርዝ ልግዛ?» ዕቃው በዶላር ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ጉምሩክ ይከርማል፣ ከዚያ ነው ወደ እኛ የሚሳፈረው። ተሳስቶ ማዘዝ ወራት ያስከፍላል።

ነገሩን ባጭሩ። ካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፣ ፎስፋቴዝ የሚባለው ይነቅላል። ኦካዳይክ አሲድና ማይክሮሲስቲን ፎስፋቴዝን የሚያቆሙ መርዞች ናቸው። ከነቃዮቹ ዋና ዋናዎቹ ፒፒ-1 እና ፒፒ-2ኤ ናቸው። ሁለቱ ወንድማማች ናቸው። መርዝ ሲቀርብላቸው ግን ጠባያቸው ይለያያል።

ኦካዳይክ አሲድ መጀመሪያ የተለየው ከባሕር ስፖንጅ ነው፣ በ1981። መርዙን የሚሠሩት ግን ጥቃቅን የባሕር አልጌዎች ናቸው። ፒፒ-2ኤን በግማሽ ለማዳከም 1 ናኖሞላር (ፈሳሽ ውስጥ ያለ የመርዝ መጠን መለኪያ ነው) እንኳ አይሞላም። ለፒፒ-1 ከ10 እስከ 50 ናኖሞላር ይፈልጋል። የምትከፍሉት ለዚህ ክፍተት ነው። ናሙናውን በደንብ አቅጥናችሁ 1 ወይም 2 ናኖሞላር ብትጨምሩበት ፒፒ-2ኤ ይቆማል፣ ፒፒ-1 ሥራውን ይቀጥላል። «ይህን ፎስፌት የነቀለው ማነው?» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ አለ። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ ፒፒ-4 እና ፒፒ-6ም እንደ ፒፒ-2ኤ በቀላሉ ይሸነፋሉ። ናሙናው ካልቀጠነ ደግሞ ኢንዛይሙ ራሱ መርዙን ይጨርስና ቁጥሩ ያሳስታችኋል።

ማይክሮሲስቲን-ኤልአር የእኛው ጎረቤት ነው። መርዙን የሚሠራው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሳያኖባክቴሪያ ጣና ውስጥ አለ። መርዙ ፒፒ-1ንም ፒፒ-2ኤንም እኩል ይመታል፣ 1 ናኖሞላር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች። ስለዚህ ሁለቱን ለመለየት አይጠቅምም። ሁለቱንም ባንዴ ዝም ለማሰኘት ግን ጎበዝ ነው፤ ቆየት ሲል ከኢንዛይሙ ጋር ይጣበቅና አይላቀቅም። ሴል ላይ ለሚሠራ ሰው አልመክረውም። የጉበት ሴል ያስገባዋል፣ አብዛኛው ሌላ ሴል በሩን አይከፍትለትም። ሴል ውስጥ ሁለቱንም ማቆም የሚፈልግ ካሊኩሊን ኤ ይግዛ። በደንብ ይገባል፤ ከብርሃን ግን ጠብቁት።

ከጎርጎራ ውሃ ቀድታችሁ መርዝ እንዳለበት ማየት ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ስሌቱ ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። ይህ ወደ 1 ናኖሞላር ይጠጋል፣ ኢንዛይሙ በሚሰማው መጠን ማለት ነው። ደግሞ ማፍላት መርዙን አያጠፋውም፤ ለዚህ ነው ምርመራው የሚያሳስበኝ። እዚህ ላይ ማይክሮሲስቲኑ የሚገዛው ለማነጻጸሪያ ነው። ዋናው ወጪ ኢንዛይሙ ነው። እኔ ፒፒ-1ን እመርጣለሁ። ባክቴሪያ ውስጥ በቀላሉ ይመረታል፣ ፒፒ-2ኤ በዚያ መንገድ ያስቸግራል። ለማይክሮሲስቲን ያላቸው ስሜት ደግሞ ተቀራራቢ ነው። ማንጋኒዝ መጨመር አትርሱ፣ ከባክቴሪያ የተገኘው ፒፒ-1 ያለሱ አይሠራም።

አሠራሩ ደስ ይላል። ፎስፌቱ ሲነቀል ቢጫ የሚሆን፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ላይ ኢንዛይሙንና የውሃውን ናሙና ትጨምራላችሁ። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ቀስ እያለ እርድ እንደነካው ውሃ ቢጫ ይሆናል። መርዝ ካለ እንደነበረ ይቀራል።

እዚህ ላይ እኛን ያጋጠመንን ልንገራችሁ። አንድ ክረምት መብራት ለሁለት ቀን ጠፋ፣ ፍሪዘሩም ቀለጠ። ሰኞ ስንሞክር፣ ናሙናዎቹን ከምንጨምርባቸው የሰሌዳው ትናንሽ ጉድጓዶች አንዱም ቢጫ አልሆነም። «ውሃው በሙሉ ተመርዟል» ልንል ምንም አልቀረን። ከዚያ ምንም መርዝ የሌለበትን መቆጣጠሪያ ጉድጓድ አየነው። እሱም ቢጫ አልሆነም። ኢንዛይሙ ሞቷል። የሞተ ኢንዛይምና የተመረዘ ውሃ ሲታዩ አንድ ናቸው። ስለዚህ ጀነሬተር የሌለው ላብ በፀረ-አካል የሚሠራውን የኤላይዛ ኪት ይውሰድ። ተራ ፍሪጅ ይበቃዋል። የመርዙን መጠን ይነግራችኋል፤ ኢንዛይም ምን ያህል እንደሚያቆም ግን አይነግራችሁም።

መጠኑን በተመለከተ ትንሿን ብልቃጥ እዘዙ። 25 ማይክሮግራም ኦካዳይክ አሲድ በ31 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ ነው) ሲሟሟ 1 ሚሊሞላር ይሰጣል። ከዚያ የ1 ናኖሞላር መፍትሔ 31 ሊትር ይወጣል። ማን ይጨርሰዋል? ብልቃጡ ሲመጣ ባዶ ይመስላል። አትደንግጡ፣ ዱቄቱ እንደ ስስ ቅባት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነው። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሴንትሪፊዩጅ ላይ አዙሩት፣ ጓንት አድርጉ፣ በየትንሹ ከፋፍላችሁ በረዶ ቤት አስቀምጡ።